ተራ የሚጠብቅ ድንጋይ

በአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ወደ ፒያሳ በሚታለፍበት ሰፈር፣ አትክልት ተራ የሚባል ስፍራ አለ። ገበያው ራሱ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ተዛወረ፤ ስሙ ግን ለቀድሞው ስፍራ ቀረለት። ለብዙ ዘመን በዚያ ቦታ ጎሕ ሳይቀድ ከመቂ፣ ከዝዋይና ከቆቃ የመጡ የጭነት መኪናዎች ቲማቲሙን በሣጥን፣ ሽንኩርቱን በጆንያ ያራግፉ ነበር። ወዛደሩ ተሸክሞ ያወርዳል፤ ነጋዴው ይቆጥራል፤ የቤት እመቤቷም መርጣና ተከራክራ ወደ ዘንቢሏ ትጨምራለች። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሰው የሚሸከመውና የሚሸምተው ነገር ምን እንደ ሆነ በጥሞና ቢመረመር፣ አብዛኛው ውኃ ሆኖ ይገኛል። ከቲማቲም ክብደት ከመቶው ከ90 እጅ የሚበልጠው ውኃ ነው፤ ጥቅል ጎመንም ከዚህ አይርቅም። ያም ውኃ ከከተማው ጉድጓድ የተቀዳ አይደለም። ከአዋሽ ወንዝና ከዝዋይ ሐይቅ በሞተር ተስቦ፣ በቦይ ተመርቶ፣ በቅጠልና በልጣጭ ውስጥ ታሽጎ የመጣ ነው።

እንግዲህ ሰው ውኃን ከአንዱ ስፍራ አንሥቶ ወደ ሌላው ሲወስድ በምን መብት ነው? ከማንስ ይወስዳል? ለማንስ ባለ ዕዳ ይሆናል? ይህ ጥያቄ የመሐንዲስ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የኅሊናም ጥያቄ ነው። መሐንዲሱ ውኃው ይደርስ እንደ ሆነ ሊነግረን ይችላል፤ ይገባን እንደ ሆነ ግን ራሳችን ልንመረምረው ይገባል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነውን ቃል አማርኛችን፣ እኛ ሳናስተውለው፣ በገበያው ስም ላይ አስቀምጦልናል። ተራ ማለት፣ እንደ ሸማ ተራና እንደ ምን አለሽ ተራ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ተሰልፎ የሚሸጥበት ስፍራ ነው። ተራ ማለት ደግሞ ሰው ተሰልፎና ጠብቆ የሚያገኘው ፈንታ ነው። በከተማችን በልጅነቱ ከቦኖ ውኃ የቀዳ ሰው ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰልፉ ተምሮታል። ውኃው የሚመጣበት ሰዓት ስለማይታወቅ ባልዴና ጀሪካን ከቦኖው እስከ መንገዱ ጥግ ይደረደራል። እሳት ላይ ምጣድ የጣደች እናት ግን ቆማ መጠበቅ አትችልም። ስለዚህ ከመንገድ አንድ ድንጋይ ታነሣለች፤ በሰልፉ መካከል ታኖራለች፤ ለጎረቤቷም «ይህ የእኔ ነው» ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ውኃው ሲመጣ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል፤ ከኋላዋ ያለውም ሰው የራሱን ጀሪካን ሲገፋ ድንጋይዋን አብሮ ይገፋላታል። አንድ ጉልበተኛ መጥቶ «ሴትዮዋ የሉም» ብሎ ድንጋዩን በእግሩ ቢያነሣ፣ ሰልፈኛው ሁሉ በአንድ ድምፅ ይጮኽበታል።

በዚህ ልማድ ውስጥ፣ ማንም ሳይጽፋቸው የሚከበሩ ሦስት ሕጎች አሉ። የመጀመሪያው፣ በቦታው ያልተገኘ ሰው ተራው አልጠፋም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለቅሶ ላለበት ቤትና ለአራስ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቅድሚያው የሚሰጠው ተሰልፎ ያለው ሰው ተጠይቆና እሺ ብሎ ነው እንጂ ተነጥቆ አይደለም። ሦስተኛው፣ ቀድቶ የጨረሰ ሰው ለሚከተለው የቦኖውን ሥር ሳያቆሽሽና ቧንቧውን ሳይሰብር ይሄዳል። ስለ ግድብና ስለ ቦይ የምናነሣው የሥነ ምግባር ክርክር ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ የሚወጣ አይመስለኝም።

ይህን ስል ውኃን ከስፍራ ወደ ስፍራ መውሰድን ለመንቀፍ አይደለም። ሰው ከጥንት ጀምሮ ውኃን ሲገድብና ሲመራ ኖሯል፤ አክሱማውያን ማይ ሹም የተባለውን የውኃ ማጠራቀሚያ ከዐለት ጠርበው አበጅተዋል። በ1880ዎቹ ዓጼ ምኒልክ በስዊሳዊው መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ከእንጦጦ ግርጌ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ባስመጡ ጊዜ፣ ውኃ ዳገት ሲወጣ ያየው ሕዝብ እጅግ ተደንቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ፣ የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የድሬ ግድብም በ1990ዎቹ መግቢያ ተጨምረው፣ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ጋር ሆነው አዲስ አበባን አኑረዋታል። በጎጃምም በመራዊ አጠገብ የተሠራው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። እንስራ አዝላ ግማሽ ቀን ስትጓዝ የኖረች ሴት ደጃፏ ላይ ቧንቧ ሲከፈትላት የሚሰማትን ደስታ የሚንቅ ፍልስፍና ካለ፣ እርሱ ውኃ ጠምቶት የማያውቅ ሰው ፍልስፍና ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። የተወሰደ ውኃ የተፈጠረ ውኃ አይደለም። በአንዱ ደጃፍ ሲገኝ ከሌላው ደጃፍ ጎድሎ ነው። የጎደለበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግድቡ ሲመረቅ በቦታው አይገኝም።

የአዋሽን ታሪክ እንመልከት። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ከደጋው ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ወደ ባሕር ሳይደርስም በጅቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በ1952 ዓ.ም. ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ግድቡ የኤሌክትሪክ ብርሃን ሰጠ፤ የወንዙንም ሙላት ስለ ገታ በታችኛው ሸለቆ ሰፊ የመስኖ እርሻ ለማቋቋም ተቻለ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከአሚባራ እስከ ተንዳሆ ጥጥ ተዘራ። ይህ ሁሉ በዘመኑ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ አገርም ተጠቅሞበታል።

ነገር ግን ያ ጥጥ የተዘራበት ሜዳ ባዶ ነበርን? የአፋር አርብቶ አደር በክረምት ወንዙ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው ከብቱን እየነዳ ዝናብ ወደ ጣለበት ይሄዳል። ሙላቱ ሲጎድል ከሥሩ ለምለም ሣር ይበቅላል፤ በጋውም ሲጠና፣ ሌላው ምድር ሁሉ ሲደርቅ፣ ከብቱ የሚተርፈው በዚያ ሣር ነው። እንግዲህ ባለቤቱ በሌለበት ወራት መጥቶ ሜዳውን የሚያይ ሰው፣ ሰውም ከብትም ስለማያገኝ «ማንም የማይጠቀምበት መሬት» ብሎ በካርታው ላይ ሊጽፍ ይችላል። ያ ሣር ግን ድንጋዩ ነበር። የሄደው ሰው ተራውን እንዲጠብቅለት በሰልፉ መካከል ያኖረው ምልክት ነበር። ምልክቱ ተነሥቶ በስፍራው ጥጥ ቆመ፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ የአፋር ከብት የሚሸሽበት ሜዳ አጣ። ያ ረኃብ በአፋር ላይ የከፋው ዝናብ ስለ ቀረ ብቻ አልነበረም፤ ለክፉ ቀን ተጠብቆ የኖረው ስፍራ ስለ ተያዘም ጭምር ነበር።

በዚያው በ1952 ዓ.ም. በሌላ ስፍራ ሌላ ድንጋይ ተነሥቶ ነበር። ግብጽና ሱዳን በውል ተስማምተው የዓባይን ውኃ ለግብጽ 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ተከፋፈሉ። ከውኃው አብዛኛው ከምድሯ የሚወርደው ኢትዮጵያ አልተጠራችም፤ አልተጠየቀችምም። በውሉ ላይ ድርሻዋን የሚጠብቅ አንድ መስመር እንኳ አልተተወላትም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እየተባለ የተተረተው በከንቱ አይደለም። ይህ በደል ከትውልድ ወደ ትውልድ ስላንገበገበን ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ደስታውም ተገቢ ነበር።

ሆኖም ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መሆናቸውን ያስተዋለ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። በዓባይ ላይ «እኛ ሳንጠራ እንዴት ይከፋፈላሉ?» ብለን የተከራከርን እኛው፣ በአዋሽ ላይ ያልጠራነው ወገን ነበረን። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ ሰው የራሱን ድንጋይ ከሩቅ ያያል፤ የባልንጀራውን ግን እግሩ ሥር እያለ አያየውም። የፍትሕ ጥያቄ በእርግጥ የፍትሕ ጥያቄ መሆኑ የሚታወቀው ከእኛ በታች ላለውም ስንጠይቅለት ነው። አለዚያ የጥቅም ክርክር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ከሩቅ ያለው ሁሉ እስኪጠየቅና እሺ እስኪል ድረስ ከተጠበቀ ምንም አይሠራም፤ ሚሊዮን ሕዝብ ያለበት ከተማ ስለ ጥቂቶች ሲባል በጥማት ሊያልቅ ነውን?» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት። ወደ ቦኖው ብንመለስ፣ ባለቤቱ ጨርሶ ያልመጣ ድንጋይ ውኃው እየፈሰሰ ሰልፉን ሁሉ ሊያቆም አይችልም። ተራ ርስት አይደለምና። ርስት ለዘለዓለም ይያዛል፤ ተራ ግን የሚተላለፍ ነው። ስለዚህ «ከእኔ ምድር ይፈልቃልና የእኔ ብቻ ነው» የሚል የላይኛው ሰውም፣ «ከአባቶቼ ጀምሮ ጠጥቼዋለሁና የእኔ ብቻ ነው» የሚል የታችኛው ሰውም፣ «ግድቡን የሠራሁት እኔ ነኝና የእኔ ብቻ ነው» የሚል ባለ ገንዘብም ሦስቱም ተራን ወደ ርስት መለወጣቸው ነው። በቦታው ያልተገኘው ሰው ቦኖውን የመቆለፍ መብት የለውም። ነገር ግን የመጠየቅ፣ የሚወሰድበትን በግልጥ የማወቅ፣ በፈንታውም ኑሮውን የሚተካለት ነገር የማግኘት መብት አለው። ይህ ሳይደረግ የተወሰደ ውኃ፣ ብዙ ሰው ስለ ጠጣው ብቻ ንጹሕ አይሆንም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ንጉሥ ዳዊት የተነገረ ታሪክ አለ። ዳዊት በጦርነት ሳለ የቤተ ልሔምን የጉድጓድ ውኃ ተመኘ፤ ሦስት ኃያላንም የጠላትን ሰፈር ጥሰው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ውኃው በሰዎች ነፍስ የተገዛ መሆኑን ባሰበ ጊዜ ሊጠጣው አልወደደም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ይህን ያነበበ ሰው «ያን ያህል የተደከመበትን ውኃ ማፍሰስ ብክነት አይደለምን?» ሊል ይችላል። እኔ እንደሚመስለኝ ዳዊት ያስተማረን ውኃ ማፍሰስን አይደለም፤ ከሩቅ የመጣ ውኃ ዋጋ እንዳለውና ዋጋውን የከፈለው ሌላ ሰው መሆኑን ነው። ንጉሥ ሲመኝ ሌላው እንደሚሄድለት፣ ከተማም ሲመኝ ሌላው ይሄድለታል። ልዩነቱ ዳዊት ያመጡለትን ሰዎች ፊት ለፊት ማየቱ ነው። እኛ ግን ቧንቧውን ስንከፍት የምናየው ውኃውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሕግ ስለ ቅድሚያ ነው። የጠማው ሰው ከሚዘራው፣ የሚዘራውም ከሚነግደው በፊት መቅደሙ በልማዳችንም በሕጋችንም የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በውኃ አጠቃቀም ማኅበረሰቡን አስቀድሟል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ ለቤት ፍጆታ የሚውል ውኃ ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት እንዲቀድም ደንግጓል። በገጠርም መስኖ ባለበት ቀበሌ ገበሬዎች የውኃ አባት ይመርጣሉ፤ እርሱም ለእያንዳንዱ ማሳ ቀኑንና ሰዓቱን ይደለድላል። አንዳንዱ ተራው በሌሊት ይደርሰውና በጨረቃ ብርሃን ዶማውን ይዞ ሲያጠጣ ያድራል፤ ድልድሉ በፊቱ የተደረገ ስለ ሆነ ግን አያጉረመርምም። ሰው ማነሱን ይችላል፤ መናቁን ግን አይችልም።

የተናቀ ሰው ምን እንደሚያደርግ የአሜሪካ አገር ታሪክ ያስረዳል። የሎስ አንጀለስ ከተማ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው ከኦወንስ ሸለቆ፣ ከ370 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀት ያለውን የውኃ መስመር ዘርግታ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ውኃውን ወሰደች። የሸለቆው ሰዎች ከተማዋ መሬታቸውን የገዛችው ዓላማዋን ሰውራ ነው ብለው አመኑ፤ በ1924 እና ከዚያ በኋላ መስመሩን በድማሚት እስከ ማፍረስ ደረሱ። የኦወንስ ሐይቅ በ1926 ገደማ ደረቀ፤ የሐይቁም ወለል አቧራ እየሆነ የነዋሪውን ጤና ስለ ጎዳ፣ ከተማዋ ከብዙ ክርክር በኋላ ከ2001 ጀምሮ አቧራውን ለማብረድ በሐይቁ ወለል ላይ መልሳ ውኃ ለማፍሰስ ተገደደች። ያልተከፈለ ዕዳ፣ ስንት ዓመት ቢዘገይ፣ ጠያቂ አያጣም።

ሦስተኛው ሕግ ለሚከተለው ሰው ስለ መተው ነው። ገና ያልተወለደ ሰው ከማንም ይልቅ በሰልፉ ላይ የለም፤ ድንጋይ የሚያኖርለት ጎረቤትም ካላገኘ ተራው ይወሰዳል። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ ኖረ፤ በዙሪያውም ጫትና ድንች ለማጠጣት ሞተር ተተከለበት፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚታጠበው ደለልም ሞላው። ከ1996 እስከ 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገደማ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። እዚያ ከቀዳው ሰው መካከል ክፉ ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱ የቀዳው ለልጆቹ እንጀራ ነበር። ነገር ግን ለነገ ተቀዳሚ የሚያስብ የውኃ አባት ስላልነበረ ሁሉም በአንድነት አደረቁት። ሐረርም በድሬዳዋ አቅራቢያ ካለው ከድሬ ጃራ፣ ከቆላ ወደ ደጋ በሞተር እየተገፋ በሚመጣ ውኃ መጠጣት ግድ ሆነባት። በቅርብ ዓመታት በሐይቁ ላይ ዳግመኛ ውኃ መታየቱ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ምድር ይቅር ባይ መሆኗን ያሳያልና። ይቅርታዋን እንደ ልማድ ልንቆጥረው ግን አይገባም።

ወደ ራሳችን ከተማ ስንመለስ የምናገኘው ከዚህ የሚከብድ ነው። ገፈርሳ ከትንሹ አቃቂ፣ ለገዳዲና ድሬ ከትልቁ አቃቂ ተፋሰስ ንጹሑን ውኃ ይይዙልናል። እኛም ከጠጣነውና ከታጠብንበት በኋላ፣ ከፋብሪካው ዝቃጭ ጋር ቀላቅለን ወደዚያው ወደ አቃቂ እንለቀዋለን። አቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ወደ ቆቃ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ያለው ገበሬ ሌላ ውኃ ስለሌለው ቆስጣውንና ሰላጣውን በእርሱ ያጠጣል፤ ያም ቅጠል ለገበያ ቀርቦ ወደ ማዕዳችን ይመጣል። በአቃቂ ዳር በበቀለው አትክልት ላይ ጥናት ያደረጉ ምሁራን ለጤና የሚያሰጉ ከባድ ብረቶች አግኝተውበታል። ከአትክልት ተራ ዘንቢል ውስጥ የምናወጣው ውኃ እንግዲህ ከፊሉ እኛው የላክነው ነው። ከቦኖው ሥር ያቆሸሸ ሰው ክበቡን ዞሮ ሲመጣ ራሱን ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ አገኘው ማለት ነው።

ይህ መጽሔት ብዙ ጊዜ የሚነበበው በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ነው። ከአንባቢዎቹ አንዳንዱ ዛሬ ካርታ ዘርግቶ መስመር የሚያሰምር፣ አንዳንዱም ነገ የሚያሰምር ነው። ከጠረጴዛ ላይ ሆኖ ሲታይ ምድር ሁሉ ጸጥ ያለና ባዶ ይመስላል። ስለዚህ በ«ማንም የማይጠቀምበት» ሥር ከመፈረም በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፤ ይኸውም፦ ባለቤቱ ወዴት ሄደ? ከብቱን ይዞ ዝናብ ፍለጋ ሄዶ ይሆን? ከታች ቆሞ የሚፈሰውን ይጠብቅ ይሆን? ወይስ ገና አልተወለደም? ይህን መጠየቅ ሥራን ማዘግየት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ዘግይቶ የተሠራ ግድብ አንድ ቀን ያጠጣል፤ ሰው ተነቅሎ የተሠራ ግድብ ግን ሲያጠጣም ሲያስጠማም ይኖራል።

በአማርኛ ተራ የሚለው ቃል ሦስተኛ ትርጉም አለው፤ ሹመትና ማዕረግ የሌለውን ሰው ተራ ሰው እንለዋለን። ጎረቤቱ በሌለችበት ድንጋይዋን ከጀሪካኑ ጋር ወደፊት የሚገፋላት ይህ ተራ ሰው ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ቢተወውም ማንም አይቀጣውም። ታላላቅ ግድቦችን የሚሠራ መንግሥትና ከሩቅ ወንዝ የሚጠጣ ከተማ ከእርሱ የሚበልጥ ጥበብ አያስፈልጋቸውም። እርሱ ለአንዲት እናት ያደረገውን እነርሱ ለአንድ ሸለቆ ሕዝብ ያድርጉ።